እሷ አትሸጥም

ድሮ እኛ ዘንድ ጠመንጃ ሴት ነበረች። ጭነት መኪናም፣ ጀልባም፣ ትራክተርም እንደዚያው። በሚዙሪ ኮረብቶች መካከል ያደገ ወንድ ጠመንጃውን ሲያሳይህ «እስቲ ያዛት፣ ክብደቷን እያት» ይልሃል እንጂ «ያዘው» ብሎህ አያውቅም። ትከሻ የምትመታ ከሆነች «ቁጡ ናት» ይላል፤ ኢላማ የማትስት ከሆነች «ታማኝ ናት» ይላል፤ ሊሸጣት ሲያወጣት ደግሞ ልጁን እንደሚድር አባት ለማን እንደሚሰጣት ይመርጣል። በስምንት ዓመቴ የቤታችንን ነገር ሁሉ የገለባበጠችው ይህች «እሷ» የምትባል ቃል ናት።

የጠመንጃ ገበያው የሚቆመው በአውራጃችን የከብት ትርኢት አዳራሽ ውስጥ ነበር። በነሐሴ ኮርማና አሳማ የሚሸለምበት ቤት ነው፤ ቅዝቃዜ ሲጀምር ከብቶቹ ይወጡና ጠረጴዛ ይደረደርበታል። ቢጠርጉትም የከብቶቹ ፍግ ሽታ አይለቅም። በእሱ ላይ የጠመንጃ ዘይት፣ የሲጋራ ጢስና የተጠበሰ ሽንኩርት ሲጨመርበት የሚወጣውን ሽታ ዛሬም ዐይኔን ተሸፍኜ ባሸተው የት እንዳለሁ አውቃለሁ። በሩ ላይ ፈታሽ የለም። አንዲት አሮጊት መዳፍህ ላይ ማኅተም መታ ታስገባሃለች፤ አበቃ።

ጠረጴዛ የሌለው ሰው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሕዝቡ መካከል ይንሸራሸራል። አፈሙዟ ውስጥ ቀጭን እንጨት ይሰካና በእንጨቱ ጫፍ ዋጋዋ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። እኛ ባንዲራ እንለዋለን። ባንዲራ የሰቀለች ትሸጣለች፤ ያልሰቀለች ባለቤቷ ሊያሳያት ነው ያመጣት፤ ስለ ዋጋዋ መጠየቅ ነውር ነው። ፊደል ሳልቆጥር የቆጠርኩት ሕግ ይህ ነው።

ጠረጴዛችን የአባቴ ነበር። አባቴ ዴል ታኬት ግንድ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠበትና ሞተ። ሰው ሁሉ እናቴ ዋኒታ ጠረጴዛውን ትለቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን በሚቀጥለው ገበያ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ዘፍዝፋ፣ በእንጨት ጢስ ያደረቀችውን የበሬ ቋንጣ በከረጢት በከረጢት አድርጋ መጣች። ጠመንጃ የሚያይ ወንድ አፉ ባዶ ሲሆን እንደማይወድ አባቴ ነግሯት ኖሯል። ቋንጣው ከረፋዱ በፊት ያልቃል።

ከቋንጣው ጎን በቀይ ጨርቅ ላይ የአባቴ ጠመንጃ ትጋደማለች። አሮጌ ናት፤ የዋልነት እንጨት ሰደፏ አባቴ ጉንጩን የሚያስደግፍበት ቦታ ላይ ፈዝዟል። እዚያች ቦታ ላይ አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸታት አባቴ ይሸተኛል። አፈሙዟ ላይ ባንዲራ አለ። ለዚያ ነው ገበያው በቀረበ ቁጥር የምፈራው። ከአባቴ የቀረን እሷ ናት፤ አንድ ቀን አንዱ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓት ይወጣል፣ ያኔ አባቴ ሁለተኛ ይሞታል ብዬ ነበር የማስበው።

ወንዶቹ ባንዲራዋን አንብበው ያፏጫሉ። «ዋኒታ፣ በዚህ ዋጋ እኮ ጭነት መኪና ከነሹፌሩ ይገዛል!» ይሏታል። እናቴ አትናደድም። ካደግኩ በኋላ እንደነገረችኝ ዋጋውን ማንም ጤነኛ ሰው እንዳይከፍለው አድርጋ ነው የጻፈችው። ሰዎቹ ጠመንጃዋን አንስተው፣ አገላብጠው «የማን ነበረች?» እንዲሏት ብቻ ነበር የምትፈልገው። ያን ጊዜ ስለ አባቴ ታወራለች። ሌላ ቦታ ስለ ሞተ ባል ብታወራ ሰው ዐይኑን ይሰብራል፤ እዚህ ግን ጠመንጃዋ በእጁ ስላለች ቆሞ ይሰማታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ባንዲራዋን ነው።

በግራችን ጥይት የሚሸጠው ኸርሸል ይቀመጣል፤ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስ፣ ሲስቅ የጥይት ሣጥኖቹ የሚንቀጠቀጡ ሰው። በቀኛችን ሚስተር ኦረን ፕሩት አለ። እሱ የሚሸጠው የአሮጌ ጠመንጃ ቁርጥራጭ ነው፤ ሞላ፣ ብሎን፣ ቃታ፣ በየጣሳው ለይቶ ያስቀምጠዋል። ረጅም ነው፣ ሚስት የለውም፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጠርጎም ብዙ ጊዜ አይናገርም። በየገበያው ከእናቴ ሁለት ከረጢት ቋንጣ ይገዛል። እናቴን «ሚስስ ታኬት» ይላታል፤ ሲላት ኮፍያውን ይነካል።

የኔ ቤት ከጠረጴዛችን ሥር ነበር። ጨርቁ እስከ መሬት ስለሚወርድ ማንም አያየኝም። ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ ጫማ አያለሁ፤ በጫማው ሰውየውን አውቃለሁ። በዚያ መኸር አንድ ቅዳሜ እናቴ ቋንጣ ልትጨምር ወደ መኪናችን ሄዳ ሳለ የኸርሸል ጭቃ የበላው ቡትስና የሚስተር ኦረን የተወለወለ ጫማ ከፊቴ ቆሙ።

«ስማኝ ኦረን» አለ ኸርሸል፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ ቆመህ የምታያት? በዐይን የሚገዛ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሰባት ጊዜ የአንተ ነበረች።»

«ድምፅህን ቀንስ።»

«ምን እቀንሳለሁ! አንዱ ቀልጣፋ መጥቶ ከፊትህ አፈፍ ያደርጋትና ያን ጊዜ ትነቃለህ። እንደሷ ያለች በሦስት አውራጃ ፈልገህ አታገኝም።»

ሚስተር ኦረን ጉሮሮውን ጠረገ። «በአንድ ሰው እጅ የኖረች ናት» አለ። «ሰውየውን ደግሞ ዐውቀው ነበር። ዴል በያዛት ላይ እኔ እንዴት ብዬ እጄን እዘረጋለሁ?»

«ዴል ሞቷል ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማር። እና እሷ አቧራ ትልበስ ነው የምትለኝ? ባንዲራዋን እኮ ሰቅላለች! እኔ ዛሬ ጠዋት በዐይኔ አይቻለሁ። አንተ ነህ ማንበብ ያቃተህ።»

ኦቾሎኒው አፌ ውስጥ ደረቀ። ከራሴ በላይ፣ ከጣውላው ማዶ፣ ጠመንጃችን ከነባንዲራዋ ተጋድማለች።

ኸርሸል ያየው ባንዲራ የእናቴ ጣት መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ አልነበረም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያወለቅኩት የቋንጣው ጨው እያቃጠለኝ ነው ትል ነበር። ኸርሸል ደግሞ እስኪሞት ድረስ ያ ጨው ለሁለት ዓመት የት ነበር ይል ነበር።

«ልጅቷስ?» አለ ሚስተር ኦረን።

«ልጅቷ ምን?»

«መጀመሪያ ልጅቷን መጠየቅ አለብኝ። ሳትወድ አላደርገውም።»

ኸርሸል ሳቀ፤ ሣጥኖቹም አብረውት ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ልክ ነዋ! ጠመንጃዋ የአባቴ ከሆነች የኔ ርስት ናት፤ ርስት ደግሞ ወራሹን ሳይጠይቁ አይገዛም። ሚስተር ኦረን ጨዋ ሌባ ነው አልኩ በልቤ። ጫማዎቹ ሲርቁ ከሥር እጄን ሰድጄ ባንዲራዋን ከአፈሙዟ ነቀልኩና ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። እናቴ አለመመለሷን አየ፣ አንድ ከረጢት ቋንጣ አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ።

«ሮንዳ» አለኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሰምቻችኋለሁ።»

ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀላ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እሷን ወደ ቤትዎ ሊወስዷት ነው።»

«እንግዲህ... አንቺ ካልከፋሽ ነው። ከከፋሽ ግን፣ ያው...»

«ይከፋኛል» አልኩት። «እሷ የአባቴ ናት። ከአባቴ በቀር ማንም እንዲነካት አልፈልግም። ባንዲራዋንም አውርጄዋለሁ። እሷ አትሸጥም!»

ሌላ ትልቅ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር፤ ካልሆነም ይቆጣኝ ነበር። እሱ እንደ እኩያው ዐይን ዐይኔን አየኝ። «እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አባትሽ ደግ ሰው ነበር። በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ።» ሒሳቡን ከፈለና ቋንጣውን ረስቶት ሄደ። እኔ አባቴን ከሞት ያዳንኩ ያህል ኮራሁ።

በዚህ ዓመት የጸደይ ገበያ ላይ እዚያው አዳራሽ ነበርኩ። ኦረንን ይዤው ሄድኩ፤ ብቻውን መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ፍጉ አይሸትም፤ ወለሉን ሲሚንቶ አልብሰውታል። ሲጋራውም ተከልክሏል፤ ይህስ ለሳንባ ጥሩ ነው። በሩ ላይ ብረት የሚለይ ማሽን አለ፤ አንድ ወጣት ጠባቂ ይዘናት የመጣነውን ጠመንጃ ባዶ መሆኗን አይቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሸብቦ መለሰልን። ውስጡ በጥቁር ፕላስቲክ ጠመንጃ ተሞልቷል። ሁሉም አንድ መልክ፣ ስማቸውም ፊደልና ቁጥር ነው። ሴቶች በዝተዋል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ለራሷ ስትመርጥ አየሁ፣ ድሮ ቢሆን ኸርሸል ወንበር ይሰጣትና ምክር ይጨምርላት ነበር። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ስልኩን አውጥቶ ያያል፤ ስልኩ ከነገረው በላይ አይከፍልም፣ ሻጩም ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ የሚያወሩት ነገር የላቸውም።

ኦረን ከአንድ ጠረጴዛ ጥግ ተረስታ የተቀመጠች የእንጨት ሰደፍ ያላት ጠመንጃ አገኘ። «ይቺስ? የማን ነበረች?» አለው ሻጩን። ወጣቱ ትሑት ልጅ ነበር፤ ጥያቄውን ግን አላወቀውም። «እሱ ነው ጌታዬ? ከሌሎች ጋር በጅምላ ነው የገዛሁት። ዋጋው ከሥሩ አለ» አለው። ኦረን ዘወር ብሎ አየኝ። «ሰማሽው?» አለኝ፣ «እሱ አላት እኮ።» ወደ መኪናው ስንመለስ ሳስበው የዛሬ ልጅ የኔን ስህተት መሳሳት አይችልም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «እሷ» የሚል ሰው ቢሰማ ሰው ሴት ማለቱ ነው።

ወደ ድሮው ልመለስ። ገና ሊደርስ ሲል ገበያው ሲቆም እናቴ አረንጓዴ ሹራቧን ለበሰች፣ ፀጉሯንም ተተኮሰች። ቋንጣ ለመሸጥ ይህን ያህል ምን አለፋት ብዬ ገርሞኛል። ጠረጴዛችን ጋ ስንደርስ በቀኛችን ጣሳዎቹ የሉም። አንድ የማናውቀው ሰው ካልሲና ጓንት ዘርግቷል።

«ሚስተር ፕሩት አልመጡም?» አለች እናቴ፣ ጨርቁን እያነጠፈች፣ ቀና ሳትል።

«መጥቷል» አለ ኸርሸል። «ወዲያ ማዶ፣ ከብቶቹ የሚታጠቡበት ጥግ ጠረጴዛ ለውጧል። ምነው ብለው፣ እዚህ ነፋስ ይመታኛል አለኝ። ነፋሱ ያለው እዚያ ነው! ውሻ እንኳ እዚያ አይተኛም። ምን አደረግሽው ዋኒታ?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «ዋጋው ሳይወደድበት አልቀረም።»

ኸርሸል ወደ ጥይት ሣጥኖቹ ዞረ። እኔ ግን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ዋጋው ነው! እናቴ ጠመንጃዋን መሸጥ ትፈልጋለች፤ ገዢው አንድ ሚስተር ኦረን ብቻ ነበር፤ እሱም ሸሽቷል።

በዚያ የበረዶ ወራት እናቴ ተለወጠች። ሥጋ ስትዘለዝል የምትዘፍነው ዘፈን ነበራት፤ ተወችው። ቢላው ጣውላውን ሲመታ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ራት ላይ ሹካዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ታያለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ደክሞኝ ነው የኔ ማር» ትለኛለች። አንድ ማለዳ ከአልጋዬ ስነሳ ጠመንጃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጨርቅ ስትወለውላት አገኘኋት። ዐይኗ ቀልቷል። አሁን ሳስበው ከአባቴ ጋር እየተማከረች ነበር መሰለኝ። ያኔ ግን አልሸጥ ያለቻትን ዕቃ የምታይ ነበር የመሰለችኝ።

ለሁለት ሳምንት ይሁን ለሁለት ወር እንጃ፣ ልቤ ከሁለት ተከፈለ። እናቴ ባጠገቤ በሌለች ቁጥር ሄጄ ሰደፏ ላይ ጉንጬን እለጥፋለሁ። አባቴን እጠይቀዋለሁ። አባቴ በሕይወቱ እያለ እናቴን ሲያስከፋ አይቼው አላውቅም፤ ቢጠየቅ ምን እንደሚል አውቀው ነበር። ያ ነው የከፋው፤ ማወቄ። በመጨረሻ አልቅሼ ስጨርስ ወሰንኩ።

በመጋቢቱ ገበያ እናቴ ለሰው ቋንጣ ስትመዝን ከጠረጴዛው ሥር በኋላ በኩል ወጣሁ። አዳራሹን በወንዶች እግር መካከል አቋረጥኩት። ሚስተር ኦረን የከብት ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ካፖርቱን እስከ ጆሮው ቆልፎ ተቀምጧል። እውነትም ነፋስ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ፊቱ የለም። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ለትልቅ ሴት እንደሚነሱት።

«ሮንዳ! ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«እሷን ልሰጥዎ ነው የመጣሁት» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው፣ እንዳላለቅስ ብዬ።

በእጁ የነበረችው ትንሽ ሞላ አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። አላነሳትም። «እናትሽ ልካሽ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። እኔ ነኝ የወሰንኩት። እናቴ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ከፍቷታል። መዝፈንም ትታለች።»

«ከፍቷታል?» አለ። እንደገና ጠየቀኝ፤ «እኔ ከሄድኩ ወዲህ?»

«አዎ። ግን ውል አለኝ። ዝናብ ላይ እንዳያወጧት። ምድር ቤት እንዳያስቀምጧት፤ ትዝጋለች። ዘይት ሲቀቧት ጥቂት ብቻ፤ አባቴ የሚቀባት በጣቱ ጫፍ ነው። ደግሞ አጋዘን በሚታደንበት ሰሞን እየመጣሁ አያታለሁ። ይኼን ከማሉልኝ ይውሰዷት።»

ሚስተር ኦረን ወደኔ ጎንበስ አለ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ዋሻ ውስጥ እንደሚገባ ሰው እየዳበሰ፣ «ሮንዳ፣ የምታወሪው ስለ ጠመንጃዋ ነው?» አለኝ።

«ታዲያ ስለ ማን?»

«ያን ጊዜም... አትሸጥም ያልሽኝ ጊዜም?»

«አዎ!» አልኩት። ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ በጣም ይዘገያሉ።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን በሙሉ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጠመንጃ በማግኘቱ ከደስታ የተነሳ የሚያለቅስ መሰለኝ። ደስታውን በትክክል ነበር ያየሁት፤ ምክንያቱን ነው የሳትኩት። መሐረቡን ሲያነሳ ዐይኑ ቀልቶ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ውልሽን ተቀብያለሁ» አለ። «ዝናብ አይነካትም፤ ምድር ቤት አትገባም። እምልልሻለሁ። ግን ዛሬ አልወስዳትም። እንግዳ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ቤታችሁ እየመጣሁ ትልመደኝ። ምን ይመስልሻል?»

አሰብኩበት። ፈረስም እንደዚያ ነው የሚለምደው። «ይሁን» አልኩትና እንደ ነጋዴ ተጨባበጥን።

ጣሳዎቹን እንዳሉ ጥሏቸው አብሮኝ አዳራሹን አቋረጠ። ኸርሸል ከሩቅ አይቶን ክንዱን አጣምሮ ቆመ። እናቴ ቀና ስትል እጇ ላይ የነበረው ከረጢት ተዘቀዘቀ፤ ቋንጣው ጨርቁ ላይ ተበተነ፤ አላየችውም።

«ሚስስ ታኬት» አለ ሚስተር ኦረን፣ «ከሮንዳ ጋር ተዋውለናል።»

«ምን ብላችሁ?»

«እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልመጣ። እርስዎ ከፈቀዱ ነው እንጂ።»

እናቴ ፀጉሯን ነካች፣ ሹራቧን ነካች፣ ወደኔ አየች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላት። «እኛ ቤት ያለው ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ነው» አለችው። «ከዚያ ቢያልፍ ቋንጣ።»

«ቋንጣ እወዳለሁ» አለ።

«ይወዳል!» ብሎ ጮኸ ኸርሸል። «በምን ጥርሱ! ዋኒታ፣ ይኼ ሰውዬ የላይም የታችም ጥርሱ አርቴፊሻል ነው። እስካሁን ከአንቺ የገዛውን ቋንጣ በሙሉ የበላው ውሻው ነው። ያ ውሻ ዛሬ አሳማ አክሏል!»

በአካባቢው ያለ ወንድ ሁሉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ሚስተር ኦረንን አየችውና «የበቆሎ ዳቦው ለስላሳ ነው» አለችው።

እሁድ መጣ። እኔ የሰው አደራ የምጠብቅ ሆንኩ። ምሳ ሳይቀርብ ጠመንጃዋን በቀይ ጨርቋ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አቆማታለሁ፤ ሲወጣ እንዳይረሳት። ይበላል፣ ያወራል፣ ከእናቴ ጋር ዕቃ ያጥባል፣ ኮፍያውን ያደርጋል፣ በአጠገቧ አልፎ ይወጣል። በሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው። እንዲህ ያለ ዝንጉ ሰው አይቼ አላውቅም! አንዴ እነሱ በረንዳ ላይ ሲጫወቱ ራሴ ተሸክሜ መኪናው ውስጥ አስገባኋት። ወንዙን ከተሻገረ በኋላ አይቷት ይኼን ሁሉ መንገድ ተመለሰ። «ገና አልለመደችኝም» አለኝ፣ እየሳቀ፣ በሁለት እጁ እያስረከበኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ እየዘፈነች ነበር፤ እሱ ሲሄድ እሷ ትዘፍናለች፣ ጠመንጃዋ አልተሸጠችም። ይህ ሒሳብ አልገባኝም።

የገባኝ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ለጓደኛው ስለ እኔ «እሷን እኮ» ሲለው ሰማሁና ዞሬ ወደ ኋላ የሚያወራለትን ዕቃ ፈለግኩ። ዕቃ አልነበረም። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ፤ ቤት ስደርስ ኦረን በረንዳው ላይ ነበር፤ አንገቱን አቀፍኩት፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝም።

ሰርጋቸው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው፣ ከኦረን ጋር በተዋዋልንበት ዓመት በሰኔ። በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ኬክ ተቆረሰ፣ ኸርሸል ከረባት አሰረ፣ እናቴ ሰማያዊ ለበሰች። ማግባት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሞኝ አልነበርኩም። የማላውቀው ለምን እንዳገባት ነው። ስለዚህ በማግስቱ ሚስተር ኦረን ከነሻንጣውና አሳማ ከሚያክለው ውሻው ጋር በራፋችን ላይ ሲደርስ፣ ጠመንጃዋን በጨርቋ ጠቅልዬ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ሰደፏን አሽትቻታለሁ። አልቅሻለሁም።

«ዛሬስ ሊወስዷት ነው?» አልኩት።

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። እናቴ ውስጥ ወጥ ቤት ነበረች፤ የድስቶቿ ድምፅ ይሰማል። እሱ ወደ ድምፁ አየ፣ ወደኔ አየ፣ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ።

«የለም ሮንዳ» አለኝ። «ልወስዳት አልመጣሁም። እሷ ያለችበት ልኖር ነው የመጣሁት።»

አየሁት፤ እውነቱን ነበር። ሰው አንዲት ጠመንጃ ይህን ያህል ሊወድ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንጀቴን በላው። ጠመንጃዋን ወደ ግድግዳዋ መለስኳትና ሻንጣውን በአንድ ጎን ያዝኩለት፤ ተጋግዘን አስገባነው። ለእናቴ ግን ምንም አልነገርኳትም። ያገባት ለጠመንጃዋ ብሎ መሆኑን ብታውቅ ይከፋታል ብዬ ፈራሁ።